ወይዘሮ ቤሪል ቅር ብሏቸዋል

እግዚአብሔር ብርሃንን ፈጥሮ መልካም እንደ ሆነ ባየ ጊዜ፣ ከበስተኋላ «መልካምስ መልካም ነው፤ ግን ትንሽ ዓይን አይወጋም?» ያለ ሰው እንደነበረ አልጠራጠርም። የዚያ ሰው ዘር ዛሬም አልጠፋም። ተዋልዷል፣ ተባዝቷል፣ ምድርን ሞልቷል። ዳቦው ትኩስ ከሆነ ምላስ ያቃጥላል፣ ከበረደ የትናንት ነው። አውቶብሱ ከዘገየ ሹፌሩ ሰነፍ ነው፣ በሰዓቱ ከመጣ ደግሞ «ሰው ሳይዘጋጅ ምን አጣደፈው?» ይባላል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር ካለ፣ ሰፈሩ ገና ሰው አልገባበትም ማለት ነው።

በእኛ በሆልምሮይድ ይህን ወንበር ያለ ተቀናቃኝ የያዙት ክብርት ወይዘሮ ቤሪል ኦርመሮድ ናቸው። ሰባዎቹን አጋምሰዋል። ቁመታቸው አጭር፣ አገጫቸው ሹል ነው፤ ክረምት ከበጋ የሰናፍጭ ቀለም ያለው የዝናብ ካፖርት ይለብሳሉ። ፀሐይ በወጣች ዕለት እንኳ አያወልቁትም። «የሆልምሮይድ ፀሐይ ቃሏን አትጠብቅም» ይላሉ። የእጅ ቦርሳቸውን ጠረጴዛ ላይ ሲያሳርፉ ዳኛ መዶሻ የመታ ይመስላል፤ ችሎቱ ተከፈተ ማለት ነው።

ንግግራቸው የሚከፈተው ሁልጊዜ በአንድ መግቢያ ነው፦ «ቅሬታ አይደለም፤ እንዲያው ለማሳወቅ ያህል ነው።» ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ያልቀመሰ የከተማችን ነዋሪ የለም። ቄሱ ስለ ትዕግሥት በሰበኩ ዕለት በር ላይ ጠብቀው «ቅሬታ አይደለም፤ ስብከቱ ረዘመ» ብለዋቸዋል። የባለቤታቸው የአቶ ስታንሊ ቀብር ዕለት፣ እንባቸው ገና ሳይደርቅ፣ ወደ መቃብሩ ጎንበስ ብለው አዩና ቆፋሪውን ጠሩት። «ጠቧል» አሉት። «ስታንሊ እግሩን አንፈራጥጦ ነው የሚተኛው።» ሟቹ ዝምተኛ ሰው ነበሩ ይባላል። ምን ምርጫ ነበራቸው?

እኔ ግሌኒስ እባላለሁ፤ የዚህ ሁሉ ዋና ተቀባይ ነኝ። ኮረብታው ጫፍ ላይ ያለውንና የከተማው ምክር ቤት የሚያስተዳድረውን ፈርንሊ የተባለ ቤት የምመራው እኔ ነኝ። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው፣ አዋቂ ሆነው ግን ከወላጆቻቸው ጋር የሚኖሩ ሰዎች እየመጡ ጥቂት ቀን ያድሩበታል። እነሱ አየር ይለውጣሉ፤ ሌት ተቀን የሚንከባከቧቸው ወላጆች ደግሞ እፎይ ይላሉ። ሰዉም «የእፎይታ ቤት» ብሎ ነው የሚጠራው።

የወይዘሮ ቤሪል አንድ ልጅ ራስል በየወሩ መጨረሻ ዓርብ ገብቶ ሰኞ ይወጣል። አርባ አራት ዓመቱ ነው። የሚጥል በሽታ ስላለበት እናቱ ቤታቸው ሲሆኑ የሚተኙት በአንድ ዓይናቸው ነው። ሁለቱንም ዓይናቸውን ጨፍነው የሚተኙት ራስል እኛ ጋ ሲያድር ብቻ ነው። ታዲያ እንዲህ አርፈው ያመሰግናሉ ብሎ የሚጠብቅ ካለ፣ ወይዘሮ ቤሪልን አያውቃቸውም። ሰኞ ልጃቸውን ይወስዳሉ፤ ማክሰኞ ገና ቁርሴን ሳልውጥ ስልኩ ይጮኻል።

«ግሌኒስ፣ የኔ ዓለም፣ ቅሬታ አይደለም፤ እንዲያው ለማሳወቅ ያህል ነው። የአተሩ ሾርባ ለብ ያለ ነበር አሉ።»

«ማን አለ፣ ወይዘሮ ቤሪል?»

«ራስል።»

«ራስል እኮ ሦስት ሳህን ነው የጠጣው!»

«እንግዲህ ለብ ባይል ሦስት ሳህን እንዴት ይጠጣል? ትኩስ ቢሆን አንዱን ሳይጨርስ ይመሽበት ነበር።»

ለዚህ መልስ ያለው ሰው ይምጣና ቦታዬን ይረከበኝ።

ለኔ መንገር ብቻ አይበቃቸውም። ምክር ቤቱ ጋም ይደውላሉ። «አንቺን ለማሳጣት አይደለም የኔ ልጅ፤ አለቆችሽም ጆሮ አላቸው ብዬ ነው» ይሉኛል። መጋረጃው ሐዘን የተቀመጠ ይመስላል። ፎጣው ይፍቃል እንጂ አያደርቅም። ካልሲ ሁለት ሆኖ ሄዶ አንድ ሆኖ ተመለሰ። የበሩ ደወል ስድ አደግ ነው፤ እንግዳ መጣ አይልም፣ እሳት ተነሣ ነው የሚለው። በገና ሰሞን እኛ ጋ የሚያድሩት የልደቱን ትርኢት ሲያሳዩ፣ አህያዋ ከመጠን በላይ ደስተኛ እንደነበረች ለማሳወቅ ያህል አሳውቀዋል። አህያዋ ራስል ነበር።

አንድ ጊዜ እልህ ያዘኝ። አንድ ነገር እንኳ እንዳያገኙ ብዬ ቤቱን ከጣሪያ እስከ ወለል አሳጠብኩ፤ መጋረጃ አስቀየርኩ፤ አበባ ገዛሁ፤ ሾርባውን በእጄ ሠራሁ። ወይዘሮ ቤሪል ገብተው ዞሩ። ጣታቸውን መስኮቱ ላይ አሻሹና አዩት። አልጋ ሥር አጎነበሱ። ሾርባውን ቀመሱ። ፊታቸው እየገረጣ ሄደ፤ እውነቴን ነው፣ ውሃ ላምጣልዎት ወይ ልላቸው ነበር። በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ደማቸው ተመለሰ።

«ግሌኒስ» አሉ፣ «ቤቱ ምነው ሰው የማይኖርበት መሰለ?»

ራስል ደግሞ ሌላ ሰው ነው። ግዙፍ ነው፤ ድምፁ ግን ቀጭንና ለስላሳ ነው። በዶሚኖ ፈርንሊን ይገዛል፤ የሚገዛውም በማጭበርበር ነው። የሚፈልጋቸውን ጠጠሮች ጭኑ ሥር ይደብቃል። ሲነቁበት «እንቁላል እየታቀፍኩ ነው» ይላል። በመጣ ቁጥር ዓርብ ላይ እናቱ ግንባሩን ስመው ሲወጡና በሩ ሲዘጋ፣ ወደኔ ዞሮ ይጠይቃል።

«ሄደች?»

«ሄዱ።»

«እሰይ።»

ከዚያ እናቱ ደርበው ያለበሱትን ሁለት ሹራብ ተራ በተራ ያወልቅና ወደ ሳሎን ይገባል። እዚያ ትሬሲ ትጠብቀዋለች። ትሬሲ ከከተማው ወዲያኛው ዳር ነው የምትመጣው፤ እሷም ከአባቷ ጋር ነው የምትኖረው፤ ተራዋን ከራስል ጋር እንዲገጥም አድርገን ያስተካከልንላት እኛ ነን። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው በቴሌቪዥን የቢሊያርድ ውድድር ያያሉ። ኳሷ ጉድጓድ በገባች ቁጥር ትሬሲ ታጨበጭባለች፤ ለማጨብጨብ ግን የራስልን እጅ አትለቅም፣ በሱ እጅ ነው የምታጨበጭበው።

ኑሯችን እንዲህ እንዳለ፣ በጸደይ ወራት ምክር ቤቱ ካዝናው ባዶ መሆኑን አስታወቀ። ካዝና ባዶ ሲሆን ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚታያቸው፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው የሚተኛበት አልጋ ነው። ፈርንሊን ለመዝጋት ሐሳብ ቀረበ። «ገና አልተወሰነም፤ የሕዝብ አስተያየት እየሰበሰብን ነው» አሉን። ምክር ቤቱ «ገና አልተወሰነም» ካለ፣ ቤቱን የሚገዛው ሰው በሩን ምን ቀለም እንደሚቀባው ሳይቀር አስቧል ማለት እንደ ሆነ ሆልምሮይድ ውስጥ ሕፃን ልጅ ያውቃል።

ለወይዘሮ ቤሪል የነገርኳቸው ዓርብ ዕለት በር ላይ ነው።

«ወይዘሮ ቤሪል፣ ምክር ቤቱ ፈርንሊን ሊዘጋው አስቧል።»

የራስልን ሻንጣ እንደያዙ ቆሙ። በደወሉ ይምጡብኝ፣ በመጋረጃው ይምጡብኝ ብዬ ጠበቅሁ። ከዜናው ይልቅ ያን ቀን ያስፈራኝ ዝምታቸው ነው።

«ያለኔ ማደርን እያለማመድኩት ነበርኮ» አሉ በመጨረሻ፣ ለኔ ሳይሆን ለበሩ እንደሚናገሩ ሆነው። «ለኋላ ብዬ።»

ምን ማለታቸው እንደ ሆነ ገባኝ። እጃቸውን ልይዝ ስል ሻንጣውን አስያዙኝ።

«ስብሰባ አለው?»

«ረቡዕ ከሰዓት፣ ማዘጋጃ ቤት።»

«እዚያ ያሉት ወንበሮች ለሰው የተሠሩ አይደሉም» አሉ። «ትራስ ይዤ እመጣለሁ።»

ይዘውም መጡ። ረቡዕ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ወይዘሮ ቤሪል ከፊት ረድፍ አበባ ያለበት ትራስ ላይ ተሰይመዋል፤ ራስልና ትሬሲ ከጎናቸው ናቸው። ስብሰባውን የመሩት የምክር ቤቱ አባል ወይዘሮ ስላክ ነበሩ፤ መነጽራቸውን አውልቀው መልሰው የሚያደርጉ፣ ክፉ ያልሆኑ ሴት። ሐሳቡን ያቀረበው ግን የጽሕፈት ቤቱ ሰው አቶ ጁልያን ፒክልስ ነው። ጫማው ሹል፣ ፈገግታው የተጠና ነው። ፈርንሊን «መዝጋት» አላለም፤ አንድ ጊዜ እንኳ አላለም። «ወደ ዘመናዊ አማራጭ መሸጋገር» ነው ያለው። ዘመናዊው አማራጭ፣ ሲፈታ፣ ሌላ ከተማ ውስጥ ያለ የማይታወቅ ቤት ነው። ቦታ ከተገኘ።

«በዚያ ላይ» አለ አቶ ፒክልስ፣ «አሁን ያለው አገልግሎት ቤተሰቦችን እያረካ አይደለም። ከምናስተዳድራቸው ቤቶች ሁሉ እጅግ ብዙ ቅሬታ የቀረበበት ፈርንሊ ነው።»

ግድግዳው ላይ የየቤቱን ቅሬታ ብዛት በዘንግ የሚያሳይ ሥዕል በራ። የሌሎቹ ቤቶች ቅሬታ እንደ ሣር መሬት ላይ ተኝቷል። የፈርንሊ ግን እንደ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረው። አቶ ፒክልስ ለአብነት ያህል ማንበብ ጀመረ።

«ሾርባው ለብ ያለ ነው። መጋረጃው ሐዘን የተቀመጠ ይመስላል። ካልሲ ሁለት ሆኖ ሄዶ…»

አዳራሹ ውስጥ አንድ አንገት ዞረ። ከዚያ ሌላ። ቀስ በቀስ የከተማው አንገት ሁሉ ወደ ሰናፍጭ ቀለሙ ካፖርት ዞረ። እኔ ፊቴን በመዳፌ ሸፈንኩ፤ በጣቶቼ መሃል ግን አያለሁ።

«…የበሩ ደወል ስድ አደግ ነው» ብሎ አነበበና ቀና ሲል ወይዘሮ ቤሪል ቆመዋል።

«አንዴ፣ የኔ ልጅ። የደወሉ የኔ ነው።»

«ይቅርታ?»

«የሾርባውም የኔ ነው። መጋረጃውም። ካልሲውማ የራስል ነው፤ አቤት ያልኩት ግን እኔ ነኝ።»

አቶ ፒክልስ ወደ ግድግዳው ዞረ። «ሁሉም… የርስዎ ነው?»

«ሁሉም አይደለም። የፎጣውን አላውቀውም።»

«የፎጣውም የርስዎ ነው ቤሪል!» አለ አንድ ሰው ከኋላ። «አውቶብስ ውስጥ ለኛም ነግረውናል!»

«እውነትህን ነው፤ የኔ ነው» አሉ።

አዳራሹ ሳቀ። አቶ ፒክልስ ግን አልሳቀም፤ ሞኝ አልነበረም። ፈገግታውን አስተካክሎ «እንግዲያው ወይዘሮ፣ በአገልግሎቱ ፈጽሞ እንዳልረኩ ራስዎ እያረጋገጡልን ነው» አለ።

ሳቁ ቆመ። ወይዘሮ ቤሪል ግድግዳው ላይ ወዳለው ጉልላት ቀና ብለው አዩ። የገዛ ምላሳቸው ገመድ ሆኖ እግራቸው ላይ ሲጠመጠም ታየኝ፤ ለሳቸውም ታይቷቸዋል። ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙ። ተቀመጡ በቃ፣ አለቀልን ስል፣

«ልጄ» አሉት፣ «ሚስት አለህ?»

«አ… አለችኝ።»

«ትነዘንዝሃለች?»

«ይሄ ከጉዳያችን ጋር…»

«ትነዘንዝሃለች ወይ?»

«አንዳንዴ።»

«እና ፍቺ ጠየቀችህ ማለት ነው?»

አዳራሹ ተናወጠ። ወይዘሮ ስላክ መነጽራቸውን አወለቁ፤ አፋቸውንም በመነጽሩ ለመሸፈን ሞከሩ።

«የሰፈሬን መንገድ ታውቀዋለህ?» ቀጠሉ ወይዘሮ ቤሪል። «ጉድጓዱ ውስጥ ዳክዬ ይዋኛል። ድሮ እደውል ነበር። ተውኩት። ለምን ተውኩት? የሚሰማ የለማ! ሰው ቅር አለኝ የሚለው ሰሚ ባለበት ቤት ነው። ፈርንሊ ስደውል ይህቺ ግሌኒስ ታነሣለች። ለብ አለ ስላት በሚቀጥለው ወር ይሞቃል። ያን ጊዜ ደግሞ አቃጠለ ብዬ እደውላለሁ። እኛ እንዲህ ነው የምንኖረው፤ አንተ መሃላችን ምን አገባህ?»

ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። አብረናቸው ጎንበስ አልን።

«ራስል ከተወለደ ጀምሮ ያለኔ ያደረበት ቤት ከፈርንሊ ሌላ የለም። ዓርብ አድርሼው ስመለስ መንገዱን ሁሉ ወደ ኋላ እያየሁ ነው። ምን ብዬ ልናገር? ‘ልጄን ፈራሁለት’ ብዬ ምክር ቤት ልደውል? ጭንቀቴን ሾርባው ላይ ነው የማራግፈው። ሾርባው ምንም የለበትም። ጥሩ ሾርባ ነው።»

ይህን ቃል ከአፋቸው ሰማሁ። ምስክር አለኝ፤ ከተማው በሙሉ።

ወይዘሮ ስላክ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና በደግ ድምፅ «ስሜትዎን እንረዳለን ወይዘሮ ኦርመሮድ። ተንከባካቢዎች ማረፍ እንዳለባቸው ማንም አይክድም። ዕረፍቱን በሌላ መንገድ…» ሲሉ፣ ራስል ብድግ አለ። ራስል ሲነሣ መስኮቱ ይጨልማል።

«ማነው የሚያርፈው?» አለ በቀጭኗ ድምፁ።

«እናትህ ናቸዋ፣ አቶ ራስል።»

«እሷ አይደለችም» አለ። «እኔ ነኝ የማርፈው። ከሷ።»

እንዲህ ያለ ሳቅ በዚያ አዳራሽ ተሰምቶ አያውቅም። በር ላይ የቆመው ዘበኛ ሳይቀር ግድግዳ ተደገፈ። ወይዘሮ ቤሪል ብቻ ሳይስቁ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ምን አልክ አንተ?»

«ትጮሂያለሽ እማ። ሁለት ሹራብ ታለብሺኛለሽ። ዶሚኖ ስጫወት ‘እግርህን ሰብስብ’ ትያለሽ።» ከዚያ ወደ አቶ ፒክልስ ዞረ። «እዚያኛው ከተማ ትሬሲ አለች?»

አቶ ፒክልስ ወረቀቱን ገለጠ፣ መለሰ። «እሱ… በጥናቱ አልተካተተም።»

«እንግዲያው አልሄድም» አለና ተቀመጠ። ትሬሲ የሱን እጅ አንሥታ በሱ እጅ አጨበጨበች። ከዚያ ሁላችንም አጨበጨብን።

ስብሰባው አልቆ ደረጃውን ስንወርድ ወይዘሮ ቤሪል ክንዴን ይዘው ነበር። መሃል ላይ ቆሙ።

«ሁለት ሹራብ ይበዛል እንዴ?»

«ትንሽ ይበዛል።»

«ታዲያ ምነው እስከ ዛሬ ሳትነግሪኝ?»

«ወይዘሮ ቤሪል፣ ለርስዎ ማን ደፍሮ ቅሬታ ያቀርባል?»

አሰቡበት። «እውነትሽን ነው» አሉ፣ ትንሽም ሳይከፉ።

ፈርንሊ አልተዘጋም። በጽድቅ ብቻ ዳነ ብዬ አልዋሽም፤ ምርጫ ደርሶ ነበር፤ የከተማዋ ሬዲዮም «እኔ ነኝ የማርፈው» የሚለውን እያነሣ እየጣለ ሰነበተ። ለሁለት ዓመት ይቀጥላል፣ ከዚያ እንደገና ይታያል ተባለ። አንድ ክፍል ዘጉብን፣ የአትክልተኛውን ቀን ቀነሱብን። አቶ ፒክልስ ወደ መናፈሻዎች ክፍል ተዛወረ፤ እዚያም ዛፎቹን ወደ ዘመናዊ አማራጭ እንዳያሸጋግራቸው እንጸልያለን።

መከራዬ የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው።

ወይዘሮ ቤሪል ዝም አሉ። ስእለት የገቡ ይመስል፣ «ከእንግዲህ ከአፌ አንዲት ቃል አይወጣም፤ ለጠላት መሣሪያ አላቀብልም» ብለው ዝም አሉ። ዓርብ ይመጣሉ፤ ጥርሱን እንደታመመ ሰው ፈገግ ይላሉ፤ «ሁሉ ነገር ደስ ይላል» ይላሉ፤ ይሄዳሉ። ማክሰኞ ስልኩ አይጮኽም። ሲጮኽም የሚደውለው አንድ ትሑት ሰው ነው።

ድግስ መደገስ ነበረብኝ። ግን ምን ሆነ መሰላችሁ? ወጥ ቤት ሾርባውን ሳይቀምሱ ማውጣት ጀመሩ። ፎጣዎቹ ካርቶን ሆኑ። ማንን ፈርተን? እኔም ቁርሴን በልቼ ስልኩን ተቀምጬ አያለሁ። ይባስ ብሎ ጎረቤታቸውን ገበያ ላይ አገኘኋትና «ቤሪል ምን ነካት?» አለችኝ። «ራስል እናንተ ጋ ሲሆን ተኝታ አታድርም አሉ። ቀኑን ሙሉ ደረጃውን ስትፈገፍግ ነው የምትውለው።» ያን ጊዜ ገባኝ። ጭንቀታቸው የሚራገፍበት ሾርባ አጥቶ ደረጃው ላይ ወድቋል።

ራስልን አማከርኩት። ራስል ማጭበርበር ያለበት ነገር ከሆነ ሁለተኛ አይጠየቅም። በመጣው ዓርብ መጋረጃውን ገልብጠን ሰቀልነው። ሾርባውን ከማቀዝቀዣ አወጣሁት። ራስል አንድ ቀይ አንድ አረንጓዴ ካልሲ አድርጎ፣ ሱሪውን ሰብስቦ፣ እግሩን ዘርግቶ መሃል ሳሎን ተቀመጠ።

ወይዘሮ ቤሪል ገቡ። መጋረጃውን አዩ። አንገታቸው ቀላ። ሾርባውን ቀመሱ። ጆሮአቸው ቀላ። ካልሲውን ሲያዩ ቦርሳቸውን ጠረጴዛው ላይ ሊያሳርፉ ቃጥቷቸው ተዉት። እኔና ራስል ትንፋሻችንን ይዘናል።

«ደስ ይላል» አሉ በጥርሳቸው መሃል፤ ግንባሩን ሳሙትና ወጡ።

አላስቻለኝም። ተከትያቸው ሮጥኩ። ያካፋል። እስከ አውቶብስ ማቆሚያው ድረስ «ወይዘሮ ቤሪል! ወይዘሮ ቤሪል!» እያልኩ ሄድኩ። ምን ልላቸው እንደ ሆነ ግን ራሴም አላውቅም። ዞሩ። ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ዓይናቸው እግሬ ላይ ቀረ።

«አንቺ ሴትዮ!» አሉ። «በቤት ጫማ ዝናብ ውስጥ ትወጫለሽ? ዕድሜሽ ስንት ነው? ነገ ሳንባሽን ቢይዘው ልጄን ማን ያበላዋል፣ ያ ወጥ ቤትሽ ነው የሚያበላው? ሾርባ ነው እሱ? ዓሣ እኮ ይኖርበታል! ይሄን ያህል ወር አፌን ብይዝ ቤቱን ቤት አሳጣችሁት! መጋረጃ ይገለበጣል? ካልሲውን ያየሽው ለት እግዜር ዓይንሽን ነሥቶሽ ነበር? ደወሉም አልተቀየረ፣ ዛሬም እንደጮኸ ነው! ያቺ ስላክ የምትባለው ደግሞ መነጽሯን ታውልቅ ወይ ታድርግ፣ ቁርጡን ትንገረን…»

ዝናቡ በአንገቴ ይገባል። እኔ ቆሜ እሰማለሁ፤ እንዲህ ጥሩ ሙዚቃ ከሰማሁ ቆይቻለሁ። ሲተነፍሱ ፊታቸው ወዝ አገኘ፣ ትከሻቸው ወረደ። ካፖርታቸውን አውልቀው፣ አዎ፣ የሰናፍጩን ካፖርት፣ ራሴ ላይ ጣል አደረጉብኝና መንገር ቀጠሉ። አውቶብሱ መጥቶ ቆመ፤ ሹፌሩ አዳምጦ አዳምጦ በሩን ዘግቶ ሄደ።

«ይኸው! አውቶብሱንም አሳለፍሽብኝ!»

«በመኪናዬ አደርስዎታለሁ።»

«በዚያች ቆርቆሮ?»

በዚያች ቆርቆሮ ወሰድኳቸው። መቀመጫው ጠንካራ ነው፣ መስተዋቱ ቆሽሿል፣ መሪ አያያዜ እንደ መጥበሻ ነው፣ ማርሽ ስቀይር የሰው አንጀት ይቀየራል። ልጅ የሌለበት ቤታቸው ከኮረብታው ሥር ነው፤ በአቋራጩ ቢኬድ ሩቅ አይደለም። እኔ ግን በወንዙ በኩል በዙሪያ ጥምጥሙ ገባሁ። መንገድ እንደሳትኩ ወዲያው ነገሩኝ፤ እኔም «እስቲ ያሳዩኝ» ብዬ፣ ቶሎ እንዳንደርስ እግሬን ከነዳጁ ላይ አነሣሁ።